አሥር ጊዜ መለካት፦ ከውዳቂ ዕቃ ስለሚሠራ የጨዋታ ሣጥን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ ማመንጫ መናገር የተለመደ ነው። ስለ መጫወቻ መናገር ግን ለአንዳንዱ አድማጭ ጊዜ ማባከን ሊመስለው ይችላል። የዛሬው ንግግር ርእስ ከጣውላ ቁራጭ፣ ከተጣለ ቴሌቪዥንና ካረጀ ኮምፒዩተር የሚገጠም የጨዋታ ሣጥን ነው። ርእሱ የተመረጠበትም ምክንያት አለ፤ ይኸውም መሐንዲስነት ከተራ ገጣጣሚነት የሚለይበት ነጥብ ከትልልቁ ሥራ ይልቅ በዚህ ትንሽ ነገር ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ውዳቂን ወደ ጥቅም መመለስ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሰበሰበው ብረትና ቆርቆሮ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ይገባና ምድጃ፣ ባልዲና መጥበሻ ሆኖ ይወጣል። ሕፃናት ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ይሠራሉ። በየመንደሩ ጥግ ቆሞ ልጆችን የሚያሰባስበው ጆተኒም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሰፈር አናጢና የሰፈር በያጅ የእጅ ሥራ ነው። እንግዲህ እጅ አለ፤ ዕቃም አለ። መጠየቅ የሚገባው፣ ሥራው ከብረትና ከእንጨት አልፎ ወደ ኤሌክትሪክ ሲገባ ምን ይለወጣል የሚለው ነው። ከበርሜል የተሠራ ምድጃ ቢበላሽ ይጣመማል፤ ቢበዛ ወጥ ይደፋል። ከተጣለ ቴሌቪዥን የተሠራ መጫወቻ ግን ቢበላሽ እጁን ያሳረፈበትን ልጅ ሊገድል ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ንግግር ጭብጥ ነው።

በውጭ አገር አጠራር «አርኬድ» የሚባለው መጫወቻ ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውት፣ የሰው ቁመት ያህል የሆነ ቋሚ ሣጥን ነው። ሣጥኑ አምስት አካላት አሉት ሊባል ይቻላል። ዐይኑ የሥዕሉ መስኮት ነው፤ እጁ ተጫዋቹ የሚይዘው ዘንግና የሚጫነው ቁልፍ ነው፤ አንጎሉ ጨዋታውን የሚያሰላው ሰርኪዩት ነው፤ ልቡ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ነው፤ አጥንቱም ሁሉን የተሸከመው ጣውላ ነው። ከእነዚህ ከአምስቱ መካከል ከውዳቂ ሊገኝ የማይችል አንድም የለም። ይህም ዛሬ የተገኘ ብልሃት ሳይሆን ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ የነበረ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መጫወቻዎች

እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1958 በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሚስተር ዊልያም ሂጊንቦታም የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ጎብኚዎች እንዳይሰለቹ በማሰብ አንድ የቴኒስ ጨዋታ አዘጋጁ። መስኮቱ 5 ኢንች ስፋት ያለው ኦሲሎስኮፕ ነበር፤ አንጎሉም በላቦራቶሪው የነበረ አናሎግ ኮምፒዩተር ነበር። ሕዝቡ ተሰልፎ ተጫወተበት፤ በተከታዩም ዓመት በሰፋ መስኮት እንደገና ለእይታ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ግን ተፈታቶ ዕቃዎቹ ለሌላ ሥራ ዋሉ። ከመደርደሪያ ተለቅሞ የተሠራው መጫወቻ ተመልሶ ወደ መደርደሪያው ገባ ማለት ነው።

አራት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲቲዩት የነበሩ ወጣቶች ፒዲፒ-1 በተባለው ኮምፒዩተር ላይ «ስፔስዋር» የተሰኘውን የሁለት መንኮራኩሮች ፍልሚያ አዘጋጁ። የኮምፒዩተሩ ዋጋ ከ100,000 ዶላር በላይ ነበር። ነገር ግን ተጫዋቾቹ መንኮራኩሮቹን የሚነዱት በኮምፒዩተሩ ፊት በተደረደሩ ጥቃቅን ማብሪያዎች ስለነበር ክርናቸው ይዝል ነበር፤ ማብሪያዎቹም ከመስኮቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ በመሆናቸው አንደኛው ተጫዋች ከሌላው የተሻለ ያይ ነበር። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሰጡት አለን ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ የተባሉ ወጣቶች ናቸው። እነርሱም የእንጨት ቁራጭ፣ ሽቦ፣ ባክላይትና የስልክ ማዞሪያ ማብሪያዎችን ለቃቅመው በእጅ የሚያዙ ሁለት ሣጥኖች ሠሩ። ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣው መሣሪያ በቁርጥራጭ እንጨትና በአሮጌ ማብሪያ መታዘዝ ጀመረ።

ሆኖም ጨዋታውን ከላቦራቶሪ አውጥቶ ለሕዝብ ማቅረብ የዋጋ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢል ፒትስና ሂው ተክ የተባሉ ሁለት ሰዎች «ጋላክሲ ጌም» የተባለውን በሳንቲም የሚሠራ መጫወቻ ተከሉ። በውስጡ ፒዲፒ-11 የተባለ እውነተኛ ኮምፒዩተር ነበረበት፤ ወጪውም ወደ 20,000 ዶላር ይደርስ ነበር። የአንድ ጨዋታ ዋጋ ግን 10 ሳንቲም ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ኪራዩና ጥገናው ሳይታሰብ ያንን ወጪ ለመመለስ ብቻ 200,000 ጨዋታ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ሚስተር ኖላን ቡሽኔልና ሚስተር ቴድ ዳብኒ የሠሩት «ኮምፒዩተር ስፔስ» የተባለው ሣጥን ሌላ መንገድ ተከተለ። ስሙ ኮምፒዩተር ቢልም በውስጡ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ በተራ የቴሌቪዥን መስኮትና በሎጂክ ቺፖች ብቻ ይሠራ ነበር። ውድ የሆነውን አካል ከማርከስ ይልቅ ጨርሶ አስቀሩት።

የ1972ቱ ሣጥን

ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለውን ኩባንያ ባቋቋሙ ጊዜ ሚስተር አለን አልኮርን የተባሉ የ24 ዓመት ወጣት መሐንዲስ ቀጠሩ። ሚስተር ቡሽኔልም ለወጣቱ መለማመጃ እንዲሆን አንድ ቀላል የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታ እንዲሠራ አዘዙት። ኋላ «ፖንግ» ተብሎ የታወቀው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ናሙና የተሠራበትን ዕቃ መዘርዘር ጠቃሚ ነው። መስኮቱ 75 ዶላር የተገዛ፣ ለቤት አገልግሎት የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ የሂታቺ ቴሌቪዥን ነበር። ሣጥኑ 4 ጫማ፣ ማለትም 1.2 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የእንጨት ሥራ ነበር። ሳንቲም የሚቀበለው መሣሪያ በልብስ ማጠቢያ ቤቶች ከሚገኘው ዓይነት ነበር። በውስጡ ኮምፒዩተርም ሆነ የተጻፈ ፕሮግራም አልነበረም። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በቴሌቪዥን ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይሄዳል። ቆጣሪ ቺፖች ጨረሩ በስንተኛው መስመር ላይ እንዳለና ከመስመሩ ምን ያህሉን እንደተጓዘ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ኳሷ ካለችበት ቦታ ጋር በተገጣጠመ ቅጽበት ጨረሩ ይደምቃል፤ ተመልካቹም ነጭ ነጥብ ያያል። ተጫዋቹ የሚያሽከረክረው እጀታ የራዲዮ ድምፅ መጨመሪያን የመሰለ ፖቴንሺዮሜትር ነው፤ እርሱም 555 የተባለችውን ቺፕ የጊዜ ርዝመት በመለዋወጥ መምቻውን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ሥራው በተጠናቀቀ ጊዜ ሁለት እንከኖች ነበሩበት። አንደኛው፣ ሰርኪዩቱ ቀላል ከመሆኑ የተነሣ መምቻው እስከ መስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ድረስ መድረስ አለመቻሉ ነው። ሚስተር አልኮርን ይህንን መርምረው ሲያበቁ ሳያርሙት ተዉት፤ መምቻው ሁሉንም ቦታ ቢደርስ ኖሮ ሁለት ጎበዝ ተጫዋቾች ኳሷን ሳትወድቅ ያለማቋረጥ ሊመላለሱባት እንደሚችሉ ተገንዝበው ነበርና። ሁለተኛው የድምፅ አለመኖር ነው። አለቆቻቸው የሕዝብ ጭብጨባና ጩኸት እንዲሰማ ፈለጉ፤ ለዚያ የሚሆን ቺፕና ቦታ ግን አልነበረም። ስለሆነም ሥዕሉን በሚያቀናጀው ሰርኪዩት ውስጥ አስቀድሞ የሚመነጩትን ፍሪኩዌንሲዎች ፈትሸው ለጆሮ የሚስማማውን ወደ ድምፅ ማጉያው አሸጋገሩት። ያ ዝነኛ ድምፅ ከራሱ ከሰርኪዩቱ ውስጥ ከትርፍ የተለቀመ ነው።

ናሙናው በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሰኒቬል ከተማ፣ አንዲ ካፕስ በተባለ መጠጥ ቤት ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሥራውን አቆመ። ሚስተር አልኮርን ለጥገና ሄደው ሲከፍቱት ሰርኪዩቱ ደኅና ነበር፤ ቴሌቪዥኑም ደኅና ነበር። የሳንቲሙ መያዣ ሞልቶ ከመትረፍረፉ የተነሣ መሣሪያው ሌላ ሳንቲም መቀበል አቅቶት ነበር። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የስኬት ወግ ሆኖ ይነገራል። በእርግጥም ኩባንያው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ጨዋታውን ለገበያ አቅርቦ ከ8000 በላይ ሣጥኖች ለመሸጥ በቅቷል። ለመሐንዲስ ግን ሌላ ትምህርት አለው። በዚያ ሣጥን ውስጥ ቮልቱ፣ ጊዜውና ፍሪኩዌንሲው ሁሉ ተለክቶ ነበር፤ መሣሪያውን ያቆመው ይዘቱ በበቂ ያልተለካው ተራ መያዣ ነው።

«አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአበው አነጋገር የልብስ ሰፊውና የአናጢው ብቻ አይደለም። አዲስ ዕቃ ከፋብሪካ ሲመጣ ልኬቱን ይዞ ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ቮልቱም፣ አምፔሩም፣ ሙቀቱም ተጽፏል። ውዳቂ ዕቃ ግን ወረቀቱን የጣለ ዕቃ ነው። ምን ያህል ዓመት እንደሠራ፣ ለምን እንደተጣለ፣ ማን ከፍቶ ምን እንደቀየረበት የሚናገርለት የለም። ስለዚህ ከውዳቂ የሚሠራ ሰው ከዋጋው ያተረፈውን ገንዘብ በልኬት መልሶ መክፈል ይገባዋል። ያልተለካ ውዳቂ ውዳቂ ነው፤ የተለካ ውዳቂ ግን ጥሬ ዕቃ ነው።

የሥዕሉ መስኮት

ይህ አነጋገር ከሁሉ በላይ የሚጸናው በመስኮቱ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ከተስፋፉ ወዲህ ጀርባቸው ያበጠ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች ከየቤቱ እየወጡ ነው። ለጨዋታ ሣጥን የሚሆን መስኮት ከዚህ የረከሰ አይገኝም፤ የቀደሙት ጨዋታዎችም የተሠሩት ለዚህ ዓይነት መስኮት ነው። ነገር ግን በውስጡ ሦስት አደጋዎች አሉ።

የመጀመሪያው የታወቀ ነው። በባለ ቀለም ቱቦ ላይ ያለው ኃይል ከ20,000 እስከ 30,000 ቮልት ይደርሳል፤ ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ይህንን ኃይል ለረጅም ጊዜ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው የመስተዋቱ ጉዳይ ነው። ቱቦው ባዶ አየር ስለሆነ ሲሰበር ወደ ውስጥ ተደርምሶ ስብርባሪው ይፈናጠራል። ከዚህም ሌላ የባለ ቀለም ቱቦ የኋላ መስተዋት ከክብደቱ ከመቶ ከ20 እጅ በላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ይዟል። ለጥቂት መዳብ ሲባል ቱቦውን በድንጋይ መስበር ለሰባሪውም፣ ለሰፈሩም፣ ለአፈሩም ጉዳት ነው።

ሦስተኛው አደጋ ከሁሉ ያነሰ የሚታወቀውና ከሁሉ የበለጠ የሚያሰጋው ነው። በርካታ አሮጌ ቴሌቪዥኖች የሶኬቱን ኃይል ከሻሲው የሚለይ ትራንስፎርመር የላቸውም። በአንዳንዶቹ ሻሲው ከሁለቱ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከአንዱ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ የተለመደው ባለ ሁለት እግር መሰኪያ በሁለቱም ወገን ሊገባ ስለሚችል፣ ሻሲው ዛሬ ምንም ኃይል ሳይኖረው ነገ ተገልብጦ ሲሰካ 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። ኃይሉ በአራት ዳዮዶች ድልድይ በሚቃናባቸው ቴሌቪዥኖች ደግሞ መሰኪያውን ማገላበጥ እንኳ አያድንም፤ ሻሲው በማናቸውም አኳኋን ለሰው አደገኛ ነው። ቴሌቪዥኑ በፕላስቲክ ቅርፊቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ይህ ሁሉ ማንንም አይነካም። አንድ ወጣት ግን ቅርፊቱን አውልቆ፣ የጨዋታውን ሽቦ ከሻሲው ጋር አያይዞ፣ ዘንጉንና ቁልፎቹን በላሜራ ላይ ከገጠመ፣ የሰፈር ልጆች እጃቸውን የሚያሳርፉት በኤሌክትሪክ መሥመር ላይ ነው ማለት ነው። ጨዋታው ይሠራል፤ ሥዕሉም ያምራል። አደጋው ራሱን የሚገልጸው እግሩ እርጥብ መሬት በረገጠው ልጅ ላይ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቴሌቪዥኑን ከነቅርፊቱ በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥና ሥዕሉን ፋብሪካው ራሱ በሠራለት በቢጫው የቪዲዮ ሶኬት ብቻ ማስገባት ነው። እንዲህ ያለ ሶኬት ያላቸው ቴሌቪዥኖች በአሠራራቸው የሶኬቱን ወገን ከኤሌክትሪኩ የለዩ ናቸው። ሆኖም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንደተባለው፣ ውዳቂ ዕቃ በማን እጅ እንዳለፈ አይታወቅምና መለካት ይገባል። ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ማብሪያው ተከፍቶ፣ በመሰኪያው እግሮችና በቪዲዮ ሶኬቱ የውጭ ብረት መካከል ያለው ሬዚስታንስ በቴስተር ይለካል። ከ1 ሚሊዮን ኦም በታች ካሳየ ያ ቴሌቪዥን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከዚህ ካለፈም በ500 ቮልት በሜገር መፈተን የጠንቃቃ ሰው ሥራ ነው። ምርመራው በጠቅላላ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ መስኮቱ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የቤት ቴሌቪዥን በሴኮንድ 15,625 መስመሮች ይሥላል፤ የኮምፒዩተር የቪጂኤ ሶኬት ደግሞ ቢያንስ ወደ 31,500 የሚጠጉ መስመሮችን ይልካል። ሁለቱን በግድ ለማገናኘት መሞከር ሥዕል አይሰጥም፤ ያረጀውን የመስመር ትራንዚስተርም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት ኮምፒዩተሮች የቴሌቪዥን መውጫ ያላቸውን መምረጥ ይመረጣል። የድምፅ ማጉያውም ከቱቦው ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ማግኔቱ ጨረሩን ስለሚያጣምም ቀለሙ ይበላሻል።

ልብና እጅ

ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ከተጣለ ኮምፒዩተር ይገኛል። ይህ ክፍል 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ይሰጣል፤ አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ይነሣል። ከመገጠሙ በፊት ግን በባዶው ሳይሆን በሸክም መፈተን አለበት። ባለ 12 ቮልት የመኪና አምፖል ለዚህ ይበቃል። አምፖሉ እየበራ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ 5 ቮልት የሚባለው ከ4.75 እስከ 5.25፣ 12 ቮልት የሚባለውም ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ ከተገኘ ደኅና ነው። ከዚህ ውጭ ከሆነ ወይም ሽታና ፉጨት ካለው ወደ መጣበት ይመለስ። ክፍሉን ከፍቶ ለመጠገን መሞከር ለጀማሪ አይመከርም፤ 220 ቮልት ሲቃና 311 ቮልት ያህል ስለሚሆን በውስጡ ያለው ካፓሲተር ተነቅሎም ይነክሳል።

ለእጅ የሚሆኑት ጥቃቅን ማብሪያዎች ከተጣሉ ፎቶ ኮፒና ማተሚያ መሣሪያዎች ይለቀማሉ። ለአንድ ዘንግ አራት ይበቃሉ፤ ለላይ፣ ለታች፣ ለግራና ለቀኝ። እያንዳንዱ ማብሪያ መቶ ጊዜ ተጭኖ ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም ያልበለጠው ይመረጣል። ሁለት የብረት ምላሶች ሲገናኙ በአንዴ አይረጉም፤ ለጥቂት ሚሊሴኮንድ ይንጠረጠራሉ። ፈጣኑ ሰርኪዩት ይህን እንደ ብዙ ጭነት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጥቂት እንዲጠብቅ ይደረጋል፤ ነገር ግን በ50 ኸርዝ ቴሌቪዥን የአንድ ሥዕል ዕድሜ 20 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ ከዚያ በላይ ቢጠብቅ ተጫዋቹ እጁ የዘገየ ይመስለዋል። አምስት ወይም አሥር ሚሊሴኮንድ መካከለኛ ነው።

ማብሪያዎቹን ከኮምፒዩተሩ ጋር ለማገናኘት የተበላሸ የኮምፒዩተር ገበታ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰርኪዩት ታገለግላለች። ገበታው ፊደላቱን የሚያነበው በረድፍና በዐምድ እንደ መረብ ነው። በመረቡ ላይ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች በአንድ ጊዜ ቢጫኑ አራተኛው ያልተነካው ጫፍ የተጫነ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ሁለት ልጆች ተጋፍተው ሲጫወቱ አንደኛው ያላዘዘው መንኮራኩር ቢተኩስ ምክንያቱ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ማብሪያ አንድ ዳዮድ በመጨመር ወይም ረድፍና ዐምድ የማይጋሩ ቦታዎችን በመምረጥ ይወገዳል። ይህም የሚታወቀው መረቡን በቴስተር ተከትሎ በወረቀት በመሣል ነው።

አጥንቱ

ለሣጥኑ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቺፑድ ወይም ኮምፔንሳቶ ይስማማል፤ የፈረሰ ቁም ሣጥን ለዚህ በቂ ነው። የእጁ ገበታ ቁመት የሚወሰነው በሚጫወተው ሰው ነው። ለአዋቂ የተሠራው የውጭ ሣጥን ለአሥር ዓመት ልጅ ከደረት በላይ ይሆናል፤ የጆተኒ ሠሪው ይህን ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋልና እርሱን መጠየቅ አያሳፍርም።

ባለ 21 ኢንች ቱቦ ቴሌቪዥን 20 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ክብደቱም በአብዛኛው ወደ ፊት፣ ወደ መስተዋቱ ወገን ነው። ይህ ሸክም ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ሣጥኑ ልጅ ሲንጠለጠልበት ሊገለበጥ ይችላል። ሣጥኑ በማናቸውም አቅጣጫ 10 ዲግሪ ቢዘነብል መውደቅ የለበትም፤ ከወደቀ እግሩ ይሰፋ ወይም ከበታቹ ድንጋይ ይጫንበት። ሙቀትም ይታሰብ፤ ቴሌቪዥኑና ኮምፒዩተሩ በአንድነት እስከ 200 ዋት የሚፈጁ ከሆነ ያ ሁሉ ኃይል በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ከሥር አየር ማስገቢያ፣ ከላይ ማስወጫ ቀዳዳ የግድ ነው። 200 ዋት በ220 ቮልት 0.9 አምፔር ያህል ስለሆነ፣ መሣሪያው ሲነሣ የሚስበውን ታስቦ 3 አምፔር ቀስ ብሎ የሚቃጠል ፊውዝ ይበቃል። በፊውዝ ፈንታ የሽቦ ቁራጭ ማስገባት ሣጥኑን የሬሳ ሣጥን ማድረግ ነው። ከውጭ የሚነካ ብረት ሁሉ፣ ዘንጉም ላሜራውም፣ ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ።

ባለቤት ያለው ነገር

የተጣለ ጣውላና የተጣለ ቴሌቪዥን ባለቤቱ ትቶታል። ሐሳብ ግን እንዲሁ አይተውም። ሚስተር ቡሽኔል የጠረጴዛ ቴኒስ እንዲሠራ ባዘዙበት በ1972 ራልፍ ቤር የተባሉት መሐንዲስ ያፈለቁትንና ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያ ያቀረበውን «ኦዲሲ» የተሰኘ የቤት መጫወቻ አይተው ነበር። ማግናቮክስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከሰሰ፤ በ1976 ጉዳዩ በስምምነት አልቆ አታሪ ፈቃድ ገዢ ሆነ። ዛሬም የአሮጌ ሣጥኖችን አሠራር በተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከእነዚህም ዝነኛው እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ማሜ» ነው። አስመሳዩ ፕሮግራም በነፃ ቢገኝም በውስጡ የሚገቡት ጨዋታዎች ግን አብዛኞቹ ባለ መብት አላቸው። የራሱን ጨዋታ የጻፈ ወጣት ይህ ጭንቀት የለበትም። መምቻና ኳስ ያለው ጨዋታ መጻፍ ለጀማሪ የሳምንታት ሥራ ነው፤ ገበጣንም ወደ መስኮት የሚያመጣ ቢገኝ የአያቶቹን ጨዋታ ማንም አይከሰውበትም።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ዛሬ በከተማው በየሰፈሩ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ተከፍተዋል፤ ልጆች ገንዘብ ከፍለው ይጫወታሉ። መሣሪያው ከውጭ የመጣ ነው፤ ሲበላሽም ከመለወጥ በቀር ብዙውን ጊዜ ማንም ውስጡን አያየውም። ከውዳቂ የተሠራ ሣጥን በሥዕል ጥራት ከእርሱ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን በሩ ይከፈታል። የከፈተው ልጅ ቁልፉን ሲጫን የትኛው ሽቦ ምን እንደሚያደርግ በዐይኑ ያያል፤ ሲበላሽም የተበላሸውን ይፈልጋል። ለሙያው ወደፊት ወጣቶችን የሚያመጣ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም፤ መጠበቅም የለባቸውም። ዕቃውን ከቆራሌው ይገዛሉ፤ አሠራሩን ከጓደኛ ይማራሉ። ከጓደኛ የማይማሩት የሻሲውን ነገር ነው፤ ያወቀውም ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በሙያው የሠለጠነ ሰው ይህንን ሥራ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ንቆ ቢያልፍ ከልክሎ አያስቀረውም፤ ያለ ልኬት እንዲሠራ ብቻ ይተወዋል።

ስለሆነም ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በየሠፈሩ ቴሌቪዥን ጠጋኝ አለ፤ ቴስተር ያለው፣ ልምዱም ከማንም የማያንስ ሰው ነው። አንድ አባል ከአንድ ጠጋኝ ጋር ሆኖ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጥ፣ ሊሠሩ የሚፈልጉ ልጆች ያገኙትን ቴሌቪዥን አምጥተው ያስለካሉ። የሚሆነው ይሆናል፤ የማይሆነውም ሳይሰበር ወደ ቆራሌው ይመለሳል።

ሌላም ትንሽ ልማድ ሊጀመር ይገባል። ፋብሪካ የጻፈለት ወረቀት የጠፋበት ዕቃ አዲስ ወረቀት ሊጻፍለት ይችላል። በሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። በወረቀቱም ላይ ቴሌቪዥኑ የተለካበት ቀን፣ በመሰኪያውና በሶኬቱ መካከል የተገኘው ሬዚስታንስ፣ 5 ቮልቱና 12 ቮልቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያሳዩት ቁጥር፣ የፊውዙ መጠን፣ የመሬት ሽቦው የተያያዘበት ቦታ ይጻፍ። ከበታቹ የለካው ሰው ይፈርምበት። ሣጥኑ ነገ ሲበላሽ የሚከፍተው ሌላ ሰው ነውና፣ ያ ሰው በጨለማ እንዳይዳብስ ያደርገዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሣጥኑ ፈርሶ ዕቃው ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድም ወረቀቱ አብሮት ይሂድ።

በሩ ላይ ፊርማውን የሚያሳርፈው ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ የራሱ ልጅ ባዶ እግሩን ቆሞ ዘንጉን እንዲይዘው ይፈቅዳልን? መልሱ አዎን ከሆነ ይፈርም፤ ጥቂት እንኳ ካመነታ ቴስተሩን እንደገና ያንሣ።